ከገበያ መልስ ደብተር ይከፈት



በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ፣ በየገበሬ ማኅበሩ ሽማግሌውም ባልቴቷም ከዛፍ ጥላ ሥርና ከዳስ ውስጥ ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ። ትምህርቱ በመጀመሪያ በ5 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ኋላም ቋንቋዎቹ 15 ደረሱ። ብዙ ሰው ማንበብና መጻፍ ችሎ የምስክር ወረቀቱን ተቀበለ። ከዚያ በኋላስ? ፊደሉን በየቀኑ ሲሠራበት የኖረ አለ፤ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ካኖረ ወዲያ አንድ መስመር ሳይጽፍ የቀረም አለ። ፊደል እንደ ማረሻ ነው፤ ካልሠሩበት ይዝጋል።

ዛሬም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። ስሙን መጻፍ የሚችል፣ ጋዜጣ ሲያገኝም ፊደል እየለቀመ የሚያነብ፣ ግን የገዛ ገንዘቡን መግቢያና መውጫ አንድም ቀን ጽፎ የማያውቅ ሰው በየመንደሩ ሞልቷል። እኔም የምናገረው ስለዚሁ ነው። ብዙ ትንንሽ ንግዶች ሲሞቱ ባለቤቶቻቸው “መነሻ ገንዘብ አነሰን” ይላሉ። አንዳንዱ እውነቱን ነው። አብዛኛው ግን የሚሞተው ዋናው ገንዘብ ባለቤቱ ሳያውቅ እየተበላ ስለሚያልቅ ነው። ይህን በሽታ ብድር አያድነውም፤ የተበደሩትም በዚያው ቀዳዳ ይፈሳል። የሚያድነው ከገበያ በተመለሱበት ማታ ደብተር ከፍቶ መጻፍ ነው።

“እኔ ገበሬ ነኝ፣ ነጋዴ አይደለሁም” የሚል አይጠፋም። እስቲ እናስበው። ማር ቆርጦ የሚሸጥ፣ ቅቤ ንጣ ገበያ የምታወጣ፣ ጌሾ አድርቃ የምትቸረችር፣ ጠላ የምትጠምቅ፣ ሸማ የሚሠራ፣ ከቤቱ ጥግ ጨው፣ ሳሙናና ክብሪት ደርድሮ የሚሸጥ ሁሉ ነጋዴ ነው። መጠኑ ቢያንስ እንጂ ሕጉ አንድ ነው፤ ካወጡት በላይ ካልገባ ንግዱ አይቆምም።

ነገሩ እንዲጨበጥ የእንቁላል ንግድን እንውሰድ። አንዲት እናት ሁለት ቀን በየመንደሩ ዞራ 200 እንቁላል ገዛች እንበል። ዋጋው እንዳገሩና እንደወቅቱ ይለያያል፤ ለስሌቱ ያህል አንዱን በ12 ብር ገዝታ በ15 ብር ሸጠችው እንበል። ወደ ከተማ ስትወርድ በልቧ “በአንዱ 3 ብር፣ በ200ው 600 ብር አተርፋለሁ” ብላ ነው። ማታ ስትመለስም “ገበያው ቀናኝ” ትላለች። እስቲ አሁን ደብተር እንክፈትላት።

ለእንቁላሉ ያወጣችው 200 ጊዜ 12፣ 2,400 ብር ነው። ለመኪና 100 ብር፣ ለገበያው ቦታ 20 ብር፣ ለሻይና ለዳቦ 80 ብር አወጣች፤ ይህ በድምሩ 200 ብር ነው። ከ200ው እንቁላል 12ቱ መንገድ ላይ ተሰበረ ወይም የከፋ ሆኖ ተገኘ። 20ውን ለምታውቃቸው ሰዎች በዱቤ ሰጠች። እጅ በእጅ የሸጠችው 168 ሲሆን፣ በ15 ብር ሲባዛ 2,520 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ የመንገዱና የምሳው 200 ብር ሲነሣ 2,320 ብር ይቀራል።

ልብ በሉ! ይህች እናት 2,400 ብር ይዛ ተነሥታ 2,320 ብር ይዛ ተመልሳለች። በልቧ 600 ብር አትርፋለች፤ በእጇ ግን 80 ብር ጎድሎባታል። የዱቤው 300 ብር ሳይቀር ቢመለስ እንኳ ትርፏ 220 ብር ብቻ ነው። እርሷ ግን ይህን አታውቅም፤ ገበያው ቀንቶኛል ብላ ከዚያው ብር ላይ የ300 ብር ስኳርና ዘይት ለቤቷ ገዛች። ለሚቀጥለው ገበያ የቀራት 2,020 ብር ነው። እርሱም ከ168 እንቁላል በላይ አይገዛም። በሦስተኛውና በአራተኛው ገበያ ቅርጫቱ እየጎደለ ይሄዳል። በመጨረሻ “ንግዱ አልሆነኝም፣ ዕድሌ አይደለም” ብላ ትተወዋለች። ዕድሏ ምን አደረገ? ገበያውስ ምን በደለ? ዋናውን ገንዘብ ከትርፉ የሚለይላት ጽሑፍ ስላልነበራት ብቻ ነው።

መጻፍ የሚችሉ ሰዎች ሒሳባቸውን የማይጽፉት ለምንድን ነው? ሦስት ምክንያት ሲባል ይሰማል።

አንደኛው “የተቆጠረ ይጎድላል” የሚለው ልማድ ነው። ከብትን ወይም ልጅን መቁጠር ዓይን ያስገባል ይባላል። የሰው ከብት ቆጥሮ ማውራት ነውር ቢሆን ይገባናል፤ የራስን ገንዘብ መቁጠር ግን ሌላ ነው። ደግሞም አባቶቻችን ይቆጥሩ ነበር። ፊደል ያልቆጠረው በጠጠር፣ በገመድ ቋጠሮ፣ በግድግዳ ላይ በከሰል ጭረት ይቆጥር ነበር። እኛ ከጠጠርና ከጭረት የተሻለ መሣሪያ ይዘን ሳለ እንዴት ከእነርሱ እናንሳለን?

ሁለተኛው “ቆጣሪ ስስታም ነው” የሚለው ነው። እስቲ እድራችንን ተመልከቱ። እድር ጸሐፊ አለው፤ መዝገብ አለው፤ ማን እንደከፈለ፣ ማን እንደቀረ በስሙ ይጻፋል። ዕቁብም እንዲሁ ነው። የእድሩን ጸሐፊ ስስታም የሚለው የለም፤ እንዲያውም ባይጽፍ ነው የምንጣላው። ለሞታችን መዝገብ አለን፤ ለኑሯችን ግን የለንም። ይህ ትክክል ነው ትላላችሁ? ያለውን ቆጥሮ የሚያውቅ ሰው ለተቸገረ ሲሰጥም አውቆ ይሰጣል። የማያውቅ ሰው የሚለግሰው የነገውን ዘር ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው “በራሴ እይዘዋለሁ” የሚለው ነው። ሰው ትልቁን ነገር በራሱ ይይዛል፤ በሬ የሸጠበትን ዋጋ ከ10 ዓመት በኋላ ይነግራችኋል። ትንሹን ግን ይረሳል። ትንሹን ንግድ የሚበላው ደግሞ ትንሹ ወጪ ነው። የሻይዋ፣ የዳቦዋ፣ የተሰበረችው እንቁላል፣ “ነገ እሰጥሻለሁ” ያለችው ጎረቤት፣ እነዚህ ከሦስት ቀን በኋላ ከልብ ይጠፋሉ። ስለዚህ ነው በዚያው ማታ ይጻፍ የምለው። ያደረ ሒሳብ እንዳደረ ጠላ ነው፤ ይሻግታል።

አጻጻፉ ቀላል ነው። የልጆች የትምህርት ቤት ደብተር ይበቃል። ገጹን በመስመር አራት ቦታ ክፈሉት። በመጀመሪያው ቀኑን፣ በሁለተኛው ምን እንደሆነ፣ በሦስተኛው የገባውን፣ በአራተኛው የወጣውን ጻፉ። በገጹ ግርጌ የገባውን ደምሩ፤ የወጣውን ደምሩ፤ ከዚያ ቀንሱ። የዱቤ ነገር ከደብተሩ ኋላ ለብቻው ይሁን፤ ስሙ፣ የወሰደው፣ የወሰደበት ቀን፣ የከፈለበት ቀን።

ቁጥሩን በተለመደው 1፣ 2፣ 3 ብትጽፉት ይሻላል። የግዕዝ ቁጥር ክብራችን ነው፤ ነገር ግን ዜሮ የለውም። 2,400 በግዕዝ ፳፬፻ ተብሎ ይጻፋል። ለማንበብ ያምራል፤ አንዱን ከአንዱ ሥር ደርድሮ አንድን ከአንድ፣ አሥርን ከአሥር ለመደመር ግን አይመችም። ለበዓሉና ለመጽሐፉ የግዕዙን፣ ለሒሳቡ ይህንን መያዝ ነው።

ከደብተሩ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ሁለት ቋጠሮ ነው። እናቶች ገንዘብ በመቀነት ይቋጥራሉ፤ አባቶች በኪስ ይይዛሉ። የንግዱና የቤቱ ገንዘብ በአንድ ቋጠሮ ከታሰረ ማንም ሊለየው አይችልም። የንግዱ ለብቻው፣ የቤቱ ለብቻው ይሁን። ቤቱ ሲቸግረው ከንግዱ ቋጠሮ መውሰድ አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ልጅ ታሞ ገንዘብ ይቆለፍ የሚል የለም። ግን የተወሰደው “ለሕክምና ይህን ያህል” ተብሎ ይጻፍ። ሲጻፍ ብድር ይሆናል፤ ብድር ደግሞ ይመለሳል። ሳይጻፍ የተወሰደ ግን ጠፍቶ ይቀራል።

በዚህ ላይ ለአባወራዎች አንድ ነገር ማለት አለብኝ። በብዙ ቤት የእንቁላሉ፣ የቅቤው፣ የጠላው ንግድ የሴቷ ነው። አባወራው ግን “አንቺ፣ ከዚያች ገንዘብ ትንሽ ስጪኝ” ብሎ ወስዶ መመለሱን ይረሳል። እርሷም ስለምታፍረው አትጠይቀውም። ወንድሜ፣ በሬውን ከቀንበር ፈትተህ አርደህ ብትበላ በሚቀጥለው ክረምት በምን ታርሳለህ? የባለቤትህ መነሻ ገንዘብም የእርሷ በሬ ነው። ከወሰድክ ደብተሩ ላይ በገዛ እጅህ ጻፍ። ፊደል የቆጠርከው ለዚህም ጭምር ነው።

አሁን ደግሞ ደብተሩ ምን እንደሚናገር እንይ። ጽሑፉ ሁለትና ሦስት ወር ሲጠራቀም መካሪ ይሆናል።

በመጀመሪያ ጉድለቱ የት እንዳለ ያሳያል። ከላይ ባነሣነው ምሳሌ 12 እንቁላል ከጥቅም ውጭ ሆኗል። ጉዳቱን ወደ 4 ብናወርደው፣ የተረፉት 8 እንቁላሎች በ15 ብር ሲሸጡ 120 ብር ያመጣሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ከቅርጫቱ ሥርና በየመደቡ መካከል ጭድ መጎዝጎዝ፣ ሲገዙም መርጦ መግዛት ነው። የተጠራጠራችሁትን እንቁላል ውኃ ውስጥ ብታስገቡት፣ ደኅናው ከሥር ይተኛል፤ የተበላሸው ይንሳፈፋል። የሚቀመጠውን እንቁላል ግን አትጠቡት፤ ቅርፊቱ ላይ ያለው መከላከያ ሲታጠብ ይለቅና ቶሎ ይበላሻል። ከፀሐይ አርቆ ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ይህን ሁሉ ብዙ እናቶች ያውቁታል፤ ስንት ብር እንደሚያወጣ ግን ደብተሩ ነው የሚነግራቸው።

ሁለተኛ፣ ወቅትን ያስተምራል። በሁዳዴ 55 ቀን የሚጾመው ቤት እንቁላልና ቅቤ አይገዛም፤ ዶሮ ግን መጣሏን አትተውም። ስለዚህ ዋጋው ይወርዳል። የፋሲካ ሰሞን ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፈላጊ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሚጎዳው ሳያስብ እንደ ወትሮው ገዝቶ የሚከምረው ነው። ደብተር ያለው ሰው ዓምና በዚያ ሳምንት ስንት እንደገዛ፣ ስንት እንደሸጠ አይቶ ግዢውን ይቀንሳል። በጾሙ ወራት የማይጾሙትን ደንበኞች ይፈልጋል፤ ሙስሊም ወገኖቻችን፣ ምግብ ቤቶች፣ ሌሎችም አሉ። የረመዳን ወር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ እርሱንም በደብተሩ ጥግ ምልክት ማድረግ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ ስለ ዱቤ እውነቱን ይናገራል። ዱቤን ጨርሶ መከልከል በመንደር ኑሮ አይሆንም። የምታውቂው ሰው ነው፤ ልጅሽን ያዋለደች ጎረቤት ናት፤ እንዴት “የለም” ትያታለሽ? ነገር ግን ልክ ይኑረው። ከአንድ ገበያ ትርፍ የሚበልጥ ዱቤ አለመስጠት ጥሩ ልክ ነው። በምሳሌያችን ትርፉ 220 ብር ሲሆን ዱቤው 300 ነበር፤ ልኩ አልፏል ማለት ነው። የድሮውን ያልከፈለ አዲስ አይወስድም የሚለውም ይጨመርበት። ይህን ሲናገሩ መጽሐፉን ገልጦ ማሳየት ጠብን ይቀንሳል። በቃል ሲሆን “አልወሰድኩም፣ ወስደሻል” ይመጣል፤ በጽሑፍ ሲሆን ቀኑ ይመሰክራል።

አራተኛ፣ ዋጋ ሲወጣ ያነቃል። ዛሬ በ12 ብር የገዛችሁት እንቁላል በሚቀጥለው ገበያ 14 ብር ከገባ፣ 2,400 ብራችሁ የሚገዛው 200 መሆኑ ቀርቶ 171 ብቻ ነው። ብሩ በቁጥር አልጎደለም፤ ዕቃው ግን ጎድሏል። ስለዚህ ስትሸጡ ትናንት የገዛችሁበትን ብቻ አትመልከቱ፤ ነገ የምትተኩበትን ዋጋም ተመልከቱ። በደብተሩ ላይ ከብሩ ጎን የዕቃውን ቁጥር መጻፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አምስተኛ፣ የጉልበትን ዋጋ ያሳያል። ያቺ እናት ሁለት ቀን ዞራ ሰብስባ፣ አንድ ቀን ገበያ ውላ 220 ብር ብታገኝ፣ የቀን ድርሻዋ 73 ብር ያህል ነው። ይህ በአካባቢዋ ከሚከፈለው የቀን ሥራ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነው? ምናልባት እንቁላሉን ጎረቤቶቿ ቤቷ ድረስ እንዲያመጡላት በአንዱ ላይ 50 ሳንቲም ብትጨምር አንድ ቀን ታተርፍ ይሆናል። ምናልባትም ንግዱን ትታ ሌላ ብትይዝ ይሻላት ይሆናል። ደብተር ሁልጊዜ “ቀጥል” አይልም፤ “ተው” የሚልበትም ጊዜ አለ። በጊዜ “ተው” መባል ደግሞ ትልቅ ትርፍ ነው።

ዛሬ ገንዘብ በስልክ ይላካል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ገበያተኛ በስልኩ ይቀበላል፤ መልእክቱም በስልኩ ላይ ይቀራል። ጥሩ ነው። ግን ስልኩ ገንዘቡ የእንቁላል ይሁን የዘመድ ስጦታ ለይቶ አያውቅም፤ የሰበሩትንና በዱቤ የሰጡትንም አይጽፍም። ማታ ከስልኩ ላይ ወደ ደብተሩ መገልበጥ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ማደጉ እንምጣ። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” እንላለን። ተረቱን ሁላችን እንናገረዋለን፤ ዶሮዋ 21 ቀን ሳትነሣ እንደምትታቀፍ ግን እንረሳለን። በሦስተኛው ቀን ጠብሶ የበላው እንቁላል በእግሩ አይሄድም። የንግድም ትርፍ እንዲሁ ነው። ከ220 ብር ትርፍ ግማሹ 110 ብር ለቤት ይግባ፤ ሠርቶ አለመብላትም ደግ አይደለም። ሌላው 110 ብር ከዋናው ይቀላቀል። በየገበያው 9 እንቁላል ያህል መጨመር ማለት ነው። በ10 ገበያ 1,100 ብር፣ ወደ 91 እንቁላል ይሆናል። ያለ ብድር፣ ያለ ወለድ፣ ያለ አማላጅ ቅርጫቱ በግማሽ ሊጠጋ አደገ ማለት ነው። ብድር ቢያስፈልግ እንኳ ይህን ደብተር ይዞ መሄድ፣ ብር ብቻ ስጡኝ ከማለት ይበልጣል። የተበዳሪው ደብተር ስንት መሸከም እንደሚችል ለራሱም ይነግረዋልና።

በመጨረሻም ለማኅበራትና ለመሠረተ ትምህርት አስተማሪዎች አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። አዋቂን ሰው ስናስተምር ቃላቱን ከኑሮው እንውሰድለት። ከፊደሉ ጋር “የገባ”፣ “የወጣ”፣ “ዱቤ”፣ “ቀሪ” የሚሉትን ቃላት ቶሎ እናስጽፈው። የመደመርና የመቀነሱን ትምህርት በገዛ ገበያው ቁጥር እናድርገው። ተማሪው ሳምንቱን ሙሉ የጻፈውን ገጽ ይዞ ይምጣ፤ አብረን እንደምር። እንዲህ ያለው ሰው የምስክር ወረቀት ከተቀበለም በኋላ ፊደሉን አይረሳም፤ በየገበያው ማታ ስለሚያስፈልገው። መጻፍ የማይችሉ እናትና አባት ካሉም ልጃቸው ይጻፍላቸው። ነገር ግን የጻፈውን ጮክ ብሎ ያንብብላቸው፤ እነርሱም ቁጥሩን እየተከተሉ ይማሩ። ነገ ልጁ ወደ ሌላ አገር ለትምህርት ቢሄድ ደብተሩ ተዘግቶ መቅረት የለበትም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ብዙ ዝግጅት አያስፈልግም። የሚቀጥለው ገበያ ቀን ቅርብ ነው። አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይገዛ፤ የደብተሩም ዋጋ በመጀመሪያው መስመር “የወጣ” ተብሎ ይጻፍ።